ሽምብራ እስከ ጎማው

መስከረም 11፣ ጠዋት

ዛሬም ት/ቤት ከመግባቴ በፊት ዞሬ አየሁት። አለ። የት ይሄዳል! ቢጫው አውሮፕላን ክንፉን ዘርግቶ ማሳዬ ላይ ተጎልቷል። ተማሪዎቼ «ትልቁ አንበጣ» ብለውታል። የአንበጣ መድኃኒት ሊረጭ የመጣ ነዋ። አንበጣው ለቆን ሄደ፤ መርጫው እኔ ላይ ቀረ።

ያ ፓይለት ሞተሩ አስቸገረኝ ብሎ ግጦሹ ሜዳ ላይ ሲያርፍ፣ እየተንከባለለ መጥቶ የእኔ ጥቁር መረሬ ማሳ ውስጥ ቆመ። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ። ክንፎቹን በገመድ ከችካል አሰረ። አፍንጫው ላይ ያለውን ማራገቢያ በሰንሰለት ጠፍሮ ቆለፈ። ከዚያ ጎረቤቴን መሪጌታ ላቀውን እማኝ አድርጎ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። የሞተር ዕቃ አምጥቼ እስክመለስ አደራ፣ እትዬ ፋጡማ፣ አለኝ። ማሳውንም መውጫዬ ነውና እስክመለስ እንዳታርሱት አለ። እኛ ቤት አማና ቀልድ አይደለም። እሺ አልኩ። ሞኝ!

ሽምብራዬስ? ክረምቱ ወጥቷል፣ መረሬው መሰንጠቅ ጀምሯል። እርጥበቱ ካመለጠ ዘንድሮ ሽምብራ የለም። የመምህር ደሞዝ ብቻውን የማንን ሆድ ይሞላል?

መስከረም 12

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ መሬቱ የአንቺ ነው፣ ንብረቱን ብቻ እንዳትነኪ አለኝ። ንብረቱ ነው እንጂ እኔን የነካኝ! እሱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ከአውሮፕላኑ ጎን የተነሳውን ፎቶ አሳየኝ። ቆሽቴ አረረ።

ፓይለቱ ስልኩ ዝግ ነው።

መስከረም 14፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ጉድ ስሚ፣ ደብተሬ። ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። የአውሮፕላኑ ባለቤቶች የላኳቸው ናቸው። ለካ ፓይለቱ ተከራይቶት ነው። ኪራዩን አልከፍል ሲል መልስ ተባለ፤ አውሮፕላኑን ይዞ ተሰወረ። እነዚህ ደግሞ ሥራቸው እንዲህ ያለውን እያሳደዱ መንጠቅ ነው። እንዲህም ያለ እንጀራ አለ!

ቁልፉን አምጪ አሉኝ። የሰጠኝ ሰው ይቀበለኛል አልኩ። ከሁለቱ ወጣቱ ጣቱን ቀስሮ የተሰረቀ ንብረት ትደብቂያለሽ አለኝ። እኔ! ልጆች ፊት! የሰው እርሳስ እንኳ ነክቼ የማላውቅ! የሚገባውን ነግሬዋለሁ።

ትልቁ ሰውዬ፣ ጋሽ ተፈራ፣ ጨዋ ነው፤ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሰንሰለቱን አይቶ ሳቀ። ሐይቅ ከተማ ባጃጅ ከዚህ በላይ ተቆልፎ ያድራል አለ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ አፈሩን በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አደረገው። ሰንሰለት በመቁረጫ ይበጠሳል፣ አውሮፕላንን አስሮ የሚይዘው መሬቱ ነው፤ ጎማው ካልተንከባለለ አይነሳም፣ አለኝ። አዳመጥኩት እንጂ ልብ አላልኩትም።

ፖሊስ ጣቢያ አብረን ሄድን። የያዙት የፍ/ቤት ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ ከዞን ደብዳቤ ይምጣ ተባለ። ደሴ ሄደዋል። ጋሽ ተፈራ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኛል።

መስከረም 15፣ ከቀኑ 11 ሰ.

መጣ! ያ ፓይለት። ሁለት ጀሪካን ነዳጅ በባጃጅ ጭኖ። ዕቃ የለ፣ ምን የለ። የሞተሩ ዕቃስ ስለው ከት ብሎ ሳቀ። ሞተሩ ደህና ነው አለ።

ደህና! አልተበላሸም ነበር! ሐይቅ ድረስ መጥቶ አውሮፕላን የሚፈልግ የለም ብሎ እኔ ማሳ ላይ ደበቀው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ! እኔም አንጥፌለት ከርሜአለሁ። ዝናብ ሲያካፋ እንኳ ወጥቼ ገመዱን አጥብቄለታለሁ እኮ። ወላሂ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ነገ ሲነጋ እሄዳለሁ አለ። ማሳሽም ይለቀቃል፣ ሽምብራሽን ትዘሪያለሽ አለ። የት እንደሚያመኝ ያውቃል። አንቺን ምን እዋሽሻለሁ፣ ልቤ አዘነበለ። እሰጠውና ልገላገል አልኩ። ግን ይዞት ከጠፋ እኔ የሌባ አጋዥ ነኝ። ብከለክለውስ? አማና በላ እባላለሁ። ሐይቅ ላይ ይኸ ስም ከወጣብሽ ልጅሽን እንኳ የሚያገባ የለም።

በእማኝ ሰጠኸኝ፣ በእማኝ ትረከባለህ፣ ነገ መሪጌታ ባሉበት ና፣ አልኩት። ሊያድር ከተማ ሄደ።

ጋሽ ተፈራ ጋ ደወልኩ። ደብዳቤው የሚፈረመው ነገ ነው፤ ከቀትር በፊት አይደርሱም። ፖሊሶቹም ያለ ደብዳቤ አንነካውም አሉ። አቤት መንግሥት!

12 ሰ.

መሪጌታ ቤት ሄድኩ። ልጄ፣ የሰጠሽን መልሽለት፣ ቁልፉ የእሱ ነው፣ አሉኝ። ተከራከርኩ። አልተነቃነቁም። ቁልፉን መልሽ፣ ቁልፉን መልሽ።

እየተብሰለሰልኩ ስመለስ ማሳው ዳር ቆምኩ። ቁልፉን። የሰጠኝ ቁልፉን ብቻ ነው! እንዳታርሱ ያለውም እስኪመለስ ነበር፤ ይኸው ተመልሷል። የጋሽ ተፈራ ተረከዝ ትዝ አለኝ።

ወንድሜን ሰይድን ጠራሁት። በሬዎቹን ሲነጋ አምጣ አልኩት። ለምን አለ። ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

መስከረም 16፣ ጠዋት

ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ሰይድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጠምዶ ከግጦሹ ጀምሮ እስከ አውሮፕላኑ አፍንጫ አርሶታል። መረሬው ጥቁር ሆኖ ተገልብጧል፣ አሁንም እርጥብ ነው። አልሐምዱሊላህ።

ፓይለቱ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለ መጣ። ትልሙን አየ። ጀሪካኑን አስቀመጠ። መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አማናህን ተረከብ፣ መሪጌታ ይመስክሩ፣ አልኩት።

ገደልሽኝ እኮ፣ በምን ልውጣ አለኝ። አደራ ያልከኝ ቁልፉን ነው፤ መሬቱ የአባቴ ነው አልኩት። ጮኸ። እኔም ጮህኩ፤ የእኔ ንዴት ከእሱ የከረመ ነው። መሪጌታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ፓይለቱ አሁን ጎማው ላይ ተቀምጦ ስልክ ይነካካል። ሰንሰለቱን እንኳ አልፈታውም።

ሰይድ ዘሩን አቀብዪኝ እያለ ይጮሃል። ያልታረሰው ከክንፉ ስር ያለው ብቻ ነው። እሱንም ጋሽ ተፈራ ደብዳቤውን ይዞ እስኪደርስ በእጄ ቆፍሬ እስከ ጎማው እዘራዋለሁ።