የወንድሜን መዘግየት ስላረሙልን እናመሰግናለን

ለተከበሩ የሕዝብ ድምፅ ቀረጻ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ

በቅድሚያ ጤንነትዎ እንደ ማዕከልዎ ወለል የተወለወለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ቀረጻ ክፍልዎ ከውጭ ጫጫታ የተጠበቀ እንዲሆን እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በተለይ የጆሮዎን ደህንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ የምጽፍልዎ ጉዳይ በሙሉ በእሱ በኩል የሚያልፍ ነውና።

እኔ ዩኒፎርም ፋብሪካ ውስጥ በልብስ ሰፊነት የምሠራ ስሆን፣ ከሥራ ውጭ «ጉልቻ» በሚባለው የሄቪ ሜታል ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ድራም የሚመታው ታላቅ ወንድሜ ነው። የብረት በር ሠሪ በመሆኑ ሰፈሩ «መዶሻ» ይለዋል፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ጊታር የሚጫወተው ጓደኛችን ማተሚያ ቤት ስለሚሠራ ጥፍሩ ጸድቶ አያውቅም፤ በዚህ ምክንያት «ቀለሙ» ሆኖ ቀርቷል። ሌላ ሰው የለንም። ራሳችንን ጉልቻ ያልነው ሦስት ስለሆንን ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ድስት ጥዶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። እርስዎ ምናልባት ጥደው ስለማያውቁ አልፈርድብዎትም።

ማዕከልዎ ባለፈው ዓመት እኛን መርጦ ሙዚቃችንን ቀረጸ፤ ከዚያም ሳይነግረን የጋሼን ድራም አውጥቶ በምትኩ የኮምፒውተር ድራም አስገባና በሬዲዮ አሰማ። ጋሼ በቀረጻው ጊዜ የቀኝ እጁ ነርቭ መታመም ጀምሮት ነበር፤ ዛሬ ማንኪያ እንኳ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፤ ድራም ዳግመኛ አይመታም። ስለዚህ ያ ቀረጻ የመጨረሻው ነበር። የተናደድኩ ከመሰለዎ አልተሳሳቱም፤ ቢሆንም ጨዋ ቤተሰብ ያሳደገኝ ስለሆንኩ ቅሬታዬን በተራ በተራ፣ በምስጋና አጅቤ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሙዚቃችን ምንጭ። መራጭ ኮሚቴዎ «ተጽዕኖ ያሳደረባችሁ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀን እውነቱን ነገርነው። የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው አጎታችን ከመንገድ ያመጣልን አንድ የሄቪ ሜታል ካሴት ነበር፤ ቤታችን የነበረው ቴፕ ደግሞ ላስቲኩ ስለላላ ካሴቱን እየጎተተ ነበር የሚያጫውተው። ዘፋኙ ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ሽማግሌ ይመስል ነበር፤ ጊታሩም ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ። ሦስታችንም ሄቪ ሜታል ማለት ይኸው ነው ብለን በዚያ ቴፕ ተማርን፤ እሱን ለመምሰልም የጊታሩን ክሮች እስኪንቀጠቀጡ ድረስ አላላን። ቀለሙ ያንኑ ካሴት በደህና ቴፕ ሥራ ቦታው ሰምቶ ሲመጣ «የእነሱ ቴፕ ተበላሽቷል፤ ዘፈኑ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው» ብሎን፣ ባለቴፑን ስንስቅበት ከረምን። ነገሩ ሲገባን እጃችን አንዴ ለምዶ ነበር። የኮሚቴዎ ባለሙያም ይህን ሰምተው «የቡድኑ ዋና ተጽዕኖ የመሣሪያ ብልሽት ነው» ብለው ጻፉ። ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ፤ ከማዕከልዎ የወጣ ብቸኛው እውነተኛ ቃል እሱ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ አጨዋወታችን። ጋሼ ድራም የሚመታው በር እንደሚሠራ ነው። መዶሻውን ያነሣል፣ ብረቱን ያያል፣ ከዚያ ይመታል። «ብረት ሳያዩት አይመታም» ይላል። ስለዚህ ምቱ ሰው ከሚጠብቀው ትንሽ ዘግይቶ ይወርዳል፤ ሲወርድ ግን ወለሉ ያውቀዋል። እጁ መታመም ሲጀምረው መዘግየቱ ጨመረ፤ ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ሲጠጋማ ይብስበታል። እኛም አንድ ሕግ አወጣን፦ የቀደመ ይጠብቅ። ቀለሙ ክሩን ይዞ እስኪያለቅስ ድረስ ያቆየዋል፤ እኔ ደግሞ ከታች ባለው ድምፅ ላይ ቁጭ ብዬ ታክሲ ውስጥ ለዘመድ ቦታ እንደሚይዝ ሰው ቦታውን እይዝለታለሁ። ጋሼ ይደርሳል። ደርሶ አያውቅም የሚል ሰው ካለ ይምጣ። ይህ አጨዋወታችን ነው፤ ሌላ አጨዋወት የለንም፤ ልናመጣም አንፈልግም። የድምፅ ማረሚያ ክፍልዎ ግን በሪፖርቱ «በሁሉም ዘፈኖች ላይ መዘግየት ተገኝቷል» ይላል። ተገኝቷል! በፍተሻ የተያዘ ኮንትሮባንድ አስመሰሉት እኮ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቀረጻው። ስንስማማ የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሦስታችንም በአንድ ክፍል፣ ፊት ለፊት እየተያየን፣ ጆሯችን ላይ ምንም ሳንደፋ፣ ዘፈኑን ከጀመርን ሳናቋርጥ እንድንቀረጽ። ጋሼ የእኔን እግር ካላየ አይመታም፤ እኔም ትከሻውን ካላየሁ አልጠብቀውም። ቴክኒሻንዎ ድምፁ እንደሚቀላቀል፣ የድራሙ ድምፅ በእኔ ማይክራፎን እንደሚገባ አስጠንቅቀውን ነበር፤ ጋሼም «ይግባ፣ እህቴ አይደለች?» ብሎ ጨረሰው። እርስዎም በዚያን ዕለት በአካል መጥተው፣ ያንኑ የሚያመውን እጁን ጨብጠው፣ «ከሥራችሁ ላይ አንዲት ፀጉር አትነካም» አሉን። ቃልዎን ጠብቀዋል፤ አልዋሽም። ፀጉሩን አልነኩም፤ አንገቱን ነው የቆረጡት።

ከዚያ በኋላ እኔ ብቻዬን ተጠራሁ። የመስታወት ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ጆሮዬ ላይ እኩል እኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ማዳመጫ ደፍተው፣ «ለመጠባበቂያ ነው» ብለው ድርሻዬን ለብቻው ደግመው ቀረጹ፤ የቀለሙንም በሌላ ቀን እንዲሁ። የማን መጠባበቂያ እንደሆነ የገባኝ ሬዲዮ ላይ ስሰማው ነው።

አራተኛ፤ ስለ ትንፋሽ። ጋሼ ከባዱን ምት ሊመታ ሲል ቁምሳጥን እንደሚያነሣ ሰው «እህ!» ይላል። የሚቀመጥበት ወንበርም ራሱ የበየደው ስለሆነ ሲዘነብል ይጮሃል። ሁለቱንም አጽድተዋል። በንጽሕናዎ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው ዓለም ላይ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሰው ሲጸዳ ቆሻሻው ነው የሚወጣው እንጂ ሰውየው አይደለም።

አምስተኛ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ።

ሙዚቃችን በሬዲዮ የሚሰማበት ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ሞልቶ ነበር። እናታችን ሬዲዮውን ጠረጴዛው መሐል አድርጋ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ ልጆቹን ዝም አሰኝታ ተቀመጠች። ጀመረ። ቀለሙ ነበር፤ እኔም ነበርኩ። ድራሙ ግን ሚስማር በማሽን እንደሚመታ ቀጥ ብሎ፣ እኩል እኩል፣ ማንንም ሳያይ ይሄዳል። ማንም ማንንም አይጠብቅም። እናታችን በደስታ አጨበጨበችና «ልጄ፣ ዛሬ ገና እጅህ ተፈታልህ!» አለችው። ጋሼ ሁለት እጁን ከጠረጴዛው ሥር አደረገ። ትንሽ አዳመጠና «ጎበዝ ነው። ማን ነው?» ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ እስኪ ይመልሱለት። ቀለሙ ጫማ እንደረሳ ሰው ተነሥቶ ወደ ግቢ ወጣ፤ እኔ ሬዲዮውን ልሰብረው ፈልጌ የእናቴ ስለሆነ ተውኩት። ያን ቀን የተሰማኝ ንዴት ዛሬም አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ስድስተኛ፤ ዋናውን ቀረጻ እንዲመልሱልን በጠየቅን ጊዜ «የማከማቻ ቦታ ለመቆጠብ ተሰርዟል» ብለው በፍጥነት ስለመለሱልን እናመሰግናለን። የቦታ ችግርዎን እረዳለሁ። የእንግዳ መቀበያዎን የሞሉት፣ ፕላስቲካቸው ያልተነሣ፣ ማንም ያልተቀመጠባቸው ሶፋዎች ብቻ ስንት ቦታ ይፈጃሉ! ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ምን ያህል ቦታ ቢያጣብብ ነው?

ሰባተኛው ቅሬታዬ ቅሬታ አይደለም፤ ስጦታ ነው። ማዕከልዎ ለወንድሜ «በላቀ የምት ትክክለኛነት» የምስክር ወረቀት ልኮለታል፤ በዓመታዊው ዝግጅትዎ ላይም መድረክ ላይ ወጥቶ «ልክ እንደ ቀረጻው» እንዲጫወት ጋብዞታል። ቁስል ላይ ጨው ሲነሰነስ አይቻለሁ፤ በማኅተም ሲነሰነስ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ነገሩን ያልነገርናት እናታችን ወረቀቱን በመስታወት አስገጥማ ሳሎን ሰቅላዋለች። ጋሼ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። በር ሠሪ ነውና የሌላ ሰው ሥራ የእኔ ነው ብሎ አያውቅም፤ በሌላ ሰው በር ላይ ስሙን ለጥፋችሁ ቤቱ ውስጥ ሰቀላችሁበት።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ጥቂት ነው። የምስክር ወረቀቱ በትክክለኛው ባለቤት፣ ማለትም በማረሚያ ክፍል ኮምፒውተር ስም ተስተካክሎ ይጻፍ፤ መድረኩ ላይም እሱ ይውጣና እጅ ይንሣ። ድራሙን የመታው ወንድሜ አለመሆኑ ሙዚቃው በተሰማበት በዚያው ሬዲዮ፣ በዚያው ሰዓት ይነገር። ጉልቻ ቢለዋወጥ ምን እንደሚባል ደግሞ ከእናትዎ ሰምተው ያደጉ ስለሚመስለኝ እኔ አልደግመውም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዘለዓለም የማይዘገዩ፣ ትንፋሽዎ የማይሰማ፣ ወንበርዎም የማይንቋቋ መሪ ሆነው እንዲቆዩልን በመመኘት፣ ከወገብ ዝቅ ካለ አክብሮት ጋር፤

የዩኒፎርም ሰፊዋ፣ የ«ጉልቻ» ቤዝ ተጫዋች፣
ከሁሉም በፊት ግን የመዶሻ እህት

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ዋናው ቀረጻ መሰረዙን ከሚገልጸው ደብዳቤዎ ጋር አንዲት ፍላሽ ታሽጋ ደርሳኝ ኖሮ፣ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ፖስታው ውስጥ አገኘኋት። ላይዋ ላይ «የቤዝ ማይክራፎን፤ በድራም ድምፅ የተበከለ በመሆኑ ለሥራ አይውልም፤ ባለንብረቷ ልትወስደው ትችላለች» የሚል ተለጥፎባታል። ይህን መመሪያ ያወጣውን ሰው እግዚአብሔር ይስጥልን። ከፍተን ሰማነው። ክፍሉ በሙሉ አለ፤ ቀለሙ ከሩቅ፣ እኔ ከቅርብ፣ ጋሼ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከነ«እህ!»ው፣ ከነወንበሩ። ጋሼ እጁን ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሣ እስከ መጨረሻው አዳመጠና «ይሄ እኔ ነኝ» አለ። እናታችን ከጓዳ ብቅ ብላ ትንፋሹን ለየችውና ያንን የምስክር ወረቀት ከነመስታወቱ ራሷ አወረደችው። እንግዲህ ግብዣዎን በደስታ ተቀብለናል። ሦስታችንም መድረኩ ላይ እንቀመጣለን፤ የሚጫወተው ግን የተበከለው ቀረጻ ነው። በመጨረሻው ዘፈን ላይ ቀለሙ ክሩን ይይዛል፤ እኔም ቦታ እይዛለሁ፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ መሣሪያው የተበላሸ ይመስልዎታል። አይነሡ፣ ቴክኒሻንም አይጥሩ። ወንድሜ እየመጣ ነው፤ ይጠብቁት።