በሐኪሙ ስክሪን ላይ ስላልወጡ ተራ ጠባቂዎች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ጤናዎ እንዲበዛልዎ እመኛለሁ፤ እኛው ሆስፒታል ለመታከም እስካልመጡ ድረስ ምኞቴ እንደሚሰምር አልጠራጠርም። እኔ የምረቃ ጋዋኔን ካወለቅኩ ዓመት ያልሞላኝ፣ በክፍልዎ አምስት ወር የሠራሁ ፕሮግራመር ነኝ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መዝገብ ክፍል የተመዘገበ ሕመምተኛ በሐኪሙ ስክሪን ላይ ወዲያው ይታይ።

አንደኛ፣ በገዛ እጅዎ የሠሩት ፕሮግራም ጠዋት ሲከፈት የተራ ጠባቂዎችን ስም አንዴ ያነብና ከዚያ ወዲያ ሰማይ ቢደፋ አይሰማም። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት በትኩሳት የሚነድ ልጇን ታቅፋ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ስትጠብቅ፣ ከበሩ ወዲያ ሐኪሙ ባዶ ስክሪን እያየ «ዛሬስ አገሩ ሁሉ ተሽሎታል» ብሎ ይቀልድ ነበር። ልጁ ሲገባ አንገቱን ማቅናት አቅቶት ነበር። ፕሮግራምዎ ግን ያን ቀን አንድም ስህተት አላሳየም፤ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ መላ ሳያበጁ ቀርተዋል ብዬ አላማዎትም። አዲስ ሰው በተመዘገበ ቁጥር፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ተላላኪያችን ሁለት ፎቅ ወጥተው «ዶክተር፣ ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱት» ብለው እንዲመለሱ አዝዘዋል። ማክሰኞ ዕለት ተላላኪያችን ፈቃድ ላይ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ እኔ ያቀረብኩት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፦ ስሞቹን ሰው ሲጨመርም ሲቀነስም ራሱ በሚያሳውቅ ዝርዝር ውስጥ ማስቀመጥ፣ የስክሪኑንም ሠንጠረዥ ከዚያ ዝርዝር ጋር ማሰር። እርስዎ ግን በስብሰባ መሀል «አንተ ልጅ፣ ማንም ሳይነካው የሚለዋወጥ ዝርዝር ላይ አልፈርምም! ማን ለወጠው ብባል ማንን ልጥራ?» አሉኝ። ሕመምተኛው ነው የለወጠው፣ ክቡር ሆይ። ታመመና መጣ።

አሁንም ልብዎ ይራራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ወጣት ነኝና ይታገሡኝ።

ከእግርዎ ሥር ብዙ የተማርኩ፣ በተለይም እንዴት እንደማይሠራ፣
ትሑት ታዛዥዎ
ጀማሪው ፕሮግራመር

ማስታወሻ፦ ያ ሐኪም ቀልዱን ትቶ፣ ሐሙስ ዕለት እኔ በዚያ ዝርዝር የሠራሁትን ፕሮግራም በምርመራ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ አስጭኗል። ሊያስነቅሉት ከመጡ መዝገብ ክፍል ይመዝገቡ፤ መምጣትዎን ማንም ሳይነግረው ያያል።