በዋሽንት የታጀበ ሰላምታ

ለ«ቅዳሜ ረፋድ» የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት ዋና ኃላፊ
ለክቡር አቶ አባይነህ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በሕይወት የነበረ ወዳጄን በሬዲዮዎ ከቀበሩብኝ ወዲህ ደኅና ነኝ። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ስምዎን በየማስታወቂያው መካከል ለሚያሰማልን ማይክሮፎንዎ ጤና እመኛለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጉንፋን እንደያዘዎት በአየር ላይ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ተሽሎዎት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ካልተሻለዎትም እረፍት ጥሩ ነው።

በግል የነገርኩዎትን ሁሉ ራስዎን እየነቀነቁ አዳምጠው አንዱንም ስላላደረጉት፣ ይህን ደብዳቤ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ሰማንያን ያለፍኩ፣ ሎውሪ ሰፈር የምኖር፣ ጡረታ እስክወጣ ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሎንደን ሬዲዮ ነው። አብሮኝ የተማረው ደግሞ ባሕሩ ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

እኔና ባሕሩ ያን ጊዜ በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ክፍል መፍቻ አቀባይ ልጆች ነበርን። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ሱቅ የነበረው አንድ ግሪካዊ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮውን መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኛ ከውጭ ግንቡ ጥላ ሥር ቆመን እንሰማለን። ጦርነቱ ቢያልቅም የእንግሊዝ ወታደሮች ገና በየአገሩ ተበትነው ስለነበር ሎንደን ለእነሱ የዘፈን ምርጫ ዝግጅት ታስተላልፍ ነበር። አንባቢዋ የወታደሩን ስም፣ ያለበትን አገርና ሰላምታ የላከችለትን እናቱን ወይም ሚስቱን ትጠራና ሸክላ ታጫውትለታለች። እጮኛ ስትጠራ ሰምተን አናውቅም። በኋላ እንዳነበብኩት እጮኞች ሰላምታ እንዲልኩ አይፈቀድም ነበር ይባላል። ባሕሩ ይህን ስነግረው እንዲህ ያለ ጨካኝ ሕግ ሰምቼ አላውቅም አለ፤ እኔ ሕግ ከሆነ ይከበር አልኩ። ስልሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበርን።

የሚጠሩትን ሰዎች አናውቃቸውም። በናይሮቢም በካይሮም የነበሩትን ስም ለመያዝ ግን እንሽቀዳደም ነበር። አንድ እሑድ ባሕሩ «የኔን ስም ማን ያነበው ይሆን?» አለኝ። እኔ አነበዋለሁ አልኩት። ሬዲዮ የለህም ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልቀለድኩም፤ ቃል ነበር የሰጠሁት።

እንግዲህ በደሌን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ። ባለፈው መስከረም አረጋውያን ትዝታቸውን እንዲያካፍሉ በጋበዙ ጊዜ ስለ ሎንደን ሬዲዮ የምናገረውን ጽፌ መጣሁ። እያደነቁ ድምፄን ቀዱት። የንግግሩ መጨረሻ ለባሕሩ የተላከ ሰላምታ ነበር። ባሕሩ ሊትልተን በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም በሚሉት፣ አልጋው አጠገብ ሬዲዮ አስቀምጦ እንደሚጠብቅ፣ እግሮቹ ከከዱት ወዲህ ቅዳሜን ከቀኖቹ ሁሉ አስበልጦ እንደሚወዳት ነገርኩዎት። ንግግሩ ሲተላለፍ ሰላምታው አልነበረም። ጊዜ አጠረን አሉኝ። በ1939 ዓ.ም. የካቲት ላይ እንግሊዝ አገር ብርዱ ከፍቶ ከሰል ባጠረ ጊዜ ሎንደን ከሬዲዮ ዝግጅቶቿ አንዱን ለጊዜው ዘግታ የቀሩትን ሰዓት አሳጥራ ነበር፤ ይህንንም አስቀድማ ለአድማጮቿ ተናግራለች። እርስዎ ከሰል አላጠረዎትም። ጊዜ ያጠረዎት የአንድ ምግብ ቤት ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ መነበብ ስለነበረበት ነው። ምግብ ቤቱ ጥሩ ነው ይባላል፤ ስለ ጥቆማው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቃልዎን አክብረው ሰላምታውን አስተላለፉት። ቦታ የሰጡት ግን ከኀዘን ማስታወቂያዎች ቀጥሎ ነው። በኀዘን ማስታወቂያ ጊዜ ዋሽንት ይነፋል። የቀዳሚው ሟች ማስታወቂያ ካለቀ በኋላ ዋሽንቱን ያጠፋው ሰው አልነበረም፤ ዋሽንት ማጥፋት ይህን ያህል ከባድ ሥራ መሆኑን እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር። በዋሽንቱ ላይ የኔ ድምፅ እንዲህ አለ፤ «ባሕሩ፣ የድሬዳዋው ልጅ፣ የባቡሩ መካኒክ፣ የጽጌረዳ አባት፣ ሰው አስቀይሞ የማያውቅ፤ ከወዳጁ ከዘውዱ።» እዚያ ላይ ቆረጡት። ቀጥሎ የነበረው «ይህን የምትሰማው ሊትልተን አልጋህ ላይ ተቀምጠህ ነው፤ ሰላም ብዬሃለሁ፤ ዘፈኑን አንተ ምረጥ» የሚል ነበር። ዘፈን የምናጫውትበት ጊዜ ስለሌለን ዘፈን ምረጥ የሚለውን አወጣነው ብለው አስረዱኝ። ማብራሪያው ግልጽ ስለነበር አመሰግናለሁ።

ድምፄ ቀዝቃዛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለሠርግም ለቀብርም ያው ነው። ግን እርስዎም አንድ ነገር ይወቁ። የሎንደን ዜና አንባቢዎች በጦርነቱ ጊዜ ጠላት አስመስሎ እንዳይናገር ስማቸውን ይናገሩ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ዜናው ከአንባቢው ይበልጣል ተብሎ ስማቸውን መናገር ተዉ። የማያውቋቸውን የተራ ወታደሮች ስም ግን እሑድ እሑድ ማንበባቸውን አልተዉም። በእርስዎ ሬዲዮ ሙሉ ስሙ የሚነበብ ሰው ወይ እርስዎ ነዎት ወይ ሟች ነው። ስለዚህ የሰማው ሁሉ ባሕሩ ሞተ ቢል አልፈርድበትም።

ሦስተኛ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የልጁ የጽጌረዳ ቤት በር ላይ መኪና ማቆሚያ ጠፋ። የሁላችንም ወዳጅ ወይዘሮ ዓለምነሽ የምስር ወጥ በድስት ይዛ፣ ገና ከመኪናዋ ስትወርድ ጀምራ እያለቀሰች መጣች። ጽጌረዳ ቤት አልነበረችም፤ ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ሥራዋ ላይ፣ የመንገደኛ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ነበር። ከቨርጂኒያ የአጎቷ ልጅ ወሬው ደርሶት ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። እኔ ወዲያው ደውዬ አባትሽ ደኅና ነው አልኳት።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የዚህ አገር ሰው ብቻ አይደሉም፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። ሽማግሌ ሰው በስልክ «ደኅና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው እንጂ» ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ልጅቱ «ጋሽ ዘውዱ፣ እባክዎ አይደብቁኝ። መቼ ነው ያረፈው?» አለችኝ። አልሞተም ባልኩ ቁጥር ለቅሶዋ ባሰ። በዕድሜዬ ውሸት ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን እውነቴን የሚያምነኝ አጣሁ። በመጨረሻ እንዳትጋጭ ብዬ ቀስ ብለሽ ንጂ ስላት ስልኩን ዘጋችው። ቀስ ብለሽ ንጂም የሚባለው መቼ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

ነርሲንግ ሆም ስትደርስ አባቷ ምሳውን እየበላ ነበር። አያትና «ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?» አላት። ይጠይቃት እንጂ ማን እንደሞተ ራሱም ያውቅ ነበር፤ ሬዲዮውን ሰምቶታል።

ከሰዓት በኋላ እኔም ሄድኩ። ሬዲዮውን ዘግቶታል። ባሕሩ «ስሜን አነበብከው፤ ቃልህን ጠብቀሃል» አለኝ። «ሰላምታው የታለ?» ቆረጡት አልኩት። የተቆረጠውን ቃል በቃል ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ከአፍህማ ዕድሜ ልኬን ሰምቼሃለሁ። እኔ የምፈልገው ከዚያ ነው» ብሎ በአገጩ ሬዲዮውን አሳየኝ።

አራተኛ። በማግስቱ እርማት እንዲሰጡና ሰላምታውን ከነመጨረሻው እንዲያስተላልፉ ለመጠየቅ ቢሮዎ መጣሁ። አስቀመጡኝ፤ ሻይም ጋበዙኝ፤ ስለ ሻዩም አመሰግናለሁ። እርማት የአድማጩን እምነት ይሸረሽራል፣ ሰላምታውን ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ እናስተላልፋለን አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ እርስዎ ዳላስ ሄደው ስለነበር የድሮ ዝግጅት ተደገመ። ከዚያ ቀጥሎ በነበረው ደግሞ በአየር ላይ ስለ ትዕግሥታችን አመሰገኑን። እኔ ትዕግሥተኛ ሰው አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። ጠባቂው እኔ ብሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። የሚጠብቀው ባሕሩ ነበር፤ በየቅዳሜው ነርሷን ጠርቶ የሬዲዮውን ድምፅ ያስጨምራት ነበር።

ሰው እንደሆነ መቼም የሚያሾፍበት አያጣም። ሊጠይቁት የሚመጡት ወዳጆቻችን «ባሕሩ፣ ከሞት በኋላ ኑሮው እንዴት ነው?» ይሉታል፤ እሱም ምግቡ ያው ነው ይላቸዋል። አንድ ቀን ትንፋሽ አጥሮት አገኘሁት። ሐኪም ልጥራ ስለው «አሁን ብሞት እኮ እነሱ ልክ ሊሆኑ ነው፤ እስኪያርሙት ድረስ እኖራለሁ» አለ። እኔ ቀልድ አይገባኝምና እንደ ቃል ወሰድኩት።

ባሕሩ በጥቅምት መጨረሻ ረቡዕ ቀን አረፈ። እርማትዎ አልመጣም ነበር።

አምስተኛ። ጽጌረዳ የአባቷ ማረፍ በሬዲዮዎ እንዲነገር በጠየቀች ጊዜ ከቢሮዎ የተሰጣት መልስ ይህ ማስታወቂያ ከዚህ ቀደም ተላልፏል የሚል ነበር። በእርግጥም ተላልፏል። ሥራዎን አስቀድመው የሚሠሩ ሰው መሆንዎን በዚህ አጋጣሚ ልመሰክርልዎ እወዳለሁ። ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ግማሹ ለቅሶ ደርሰናል ብሎ ቀረ፤ ግማሹ አሁንም ስሕተት ይሆናል ብሎ ቀረ። ከእነዚህም መካከል ደውለው «ጋሽ ዘውዱ፣ በእውነት ሞተ ወይስ እንደ ባለፈው ነው?» ብለው የጠየቁኝ አሉ። ወይዘሮ ዓለምነሽ ግን ያችኑ ድስት ይዛ ሁለተኛ መጣች፤ ሁለተኛም አለቀሰች። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካለው ምስጋና ሁሉ ከልቤ የሆነው ለእሷ የማቀርበው ነው።

እኔ አላለቀስኩም። በመጀመሪያው ጊዜ አልሞተም እያልኩ ከሰው ሁሉ ስከራከር ስለዋልኩ፣ በሁለተኛው ጊዜ አፌ ሞተ ማለት አልለመደም። ሣጥኑ ሲወርድ አየሁ። አፈርም ጨመርኩ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩ። ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮውን ከፈትኩት፤ ለማን እንደከፈትኩት ግን አላውቅም። ስለ ጉንፋንዎ የሰማሁትም ያን ቀን ነው።

ክቡር አቶ አባይነህ፣ ገንዘብም ይቅርታም አልጠይቅዎትም። ይቅርታ ቢጠይቁኝም በዋሽንት እንዳያጅቡት እፈራለሁ። ይህን የጻፍኩት ከአሁን በኋላ በሬዲዮዎ ስሙ የሚጠራ ሰው ቢኖር፣ አድማጮች ድስት ከማንሣታቸው በፊት ለሰውየው ራሱ እንዲደውሉለት ለማሳሰብ ነው።

ለማኅበረሰባችን ስለሚደክሙት ድካም፣ ስለ ሻዩ፣ በሕይወት ያለውን ሰው ሳያዳሉ ከሞተው ጋር እኩል ስለማየትዎ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ለዝግጅትዎ ረጅም ዕድሜና ብዙ ማስታወቂያ የምመኝ፣

አድማጭዎ የነበርኩ
ዘውዱ ተክለሚካኤል
ሎውሪ፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከቢሮዎ ተደውሎልኝ ሰላምታው ተገኝቷል፣ በመጪው ቅዳሜ በመታሰቢያ ዝግጅት ላይ ሙሉውን እናስተላልፈዋለን፣ እርስዎም መጥተው ጥቂት ቢናገሩ ተባልኩ። ደግ ሐሳብ ነው። ሰላምታው ግን የተላከው በሕይወት ላለ ሰው ነበር፤ የሚቀበለው የለምና ያጥፉት። እኔም ስሞት ስሜን እንዳያነቡ፤ በሕይወት ሳለሁ ስላልሰሙኝ ስሞት እንዲያውቁኝ አልፈልግም። ሬዲዮዬን ለወይዘሮ ዓለምነሽ ሰጥቻታለሁ። ስለ ሎንደን ሬዲዮም ሆነ ስለ ባሕሩ በእርስዎ ማይክሮፎንም፣ በስልክም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም የሚጠይቀኝ ቢኖር መልስ አያገኝም። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር አልናገርም።