የፊት ጥርሴና የሚያዝያ አሥሩ መድረክ

መጋቢት 3፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30

ረጅም ድምፅ፣ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ የባቲ ቅኝት፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች። ቴነር ሳክስፎኑ ዛሬ ይነጫነጫል፤ አልቶው ደህና ነው። ላይኛው ሶል ላይ ስደርስ የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ።

እንደገና ነፋሁ። እንደገና ተነቃነቀ። በጣቴ ነካሁት። ይወዛወዛል።

አንተ ደብተር፣ ይህን ለማንም እንዳትናገር። ሳክስፎን ሲነፋ የታችኛው ከንፈር ይታጠፋል፣ የላይኛው ጥርስ ከላይ ይጫናል። ሃያ ስምንት ዓመት እንጀራ የበላሁት በዚህ ጥርስ ነው።

ለሚያዝያ 10 አምስት ሳምንት ቀረኝ። በራሴ ስም፣ በራሴ ዜማ፣ የመጀመሪያዬ ኮንሰርት። በአርባ ሰባት ዓመቴ! ሠርግ ሲሉኝ ሠርግ፣ ሆቴል ሲሉኝ ሆቴል፣ የሳሙና ማስታወቂያ ሲሉኝ የሳሙና ማስታወቂያ ነፍቻለሁ። የጃዝ ባንድ ውስጥ የታመመ ሳክስፎኒስት ካለ እኔ ሰብለ እጠራለሁ፤ የፈለጉትን ሰው ድምፅ አወጣለሁ። ሰብለ እኮ ሁሉን ትችላለች ይላሉ። ፖስተር ላይ ስሜን የጻፈ ግን አልነበረም። አሁን ሊጻፍ ሲል ጥርሴ ተነቃነቀ። ወይ ጉድ!

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00

ተ/ሃይማኖት፣ ጥርስ ሐኪም ቤት። ሁለት ሰዓት ወረፋ። ዶ/ሯ ወጣት ናት፣ እጇ አያሳምምም። ራጅ አነሳችኝ። ድዱ ሸሽቷል፣ አጥንቱ ሳስቷል፣ መውጣት አለበት አለች። መቼ ስላት ዛሬም ይቻላል አለችኝ። እንደ ቀላል ነገር!

ሳክስፎን እነፋለሁ አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። ሁለት ምርጫ አለ። ይነቀላል፣ ቁስሉ እስኪሽር አሥር ቀን መንፋት የለም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከለው ደግሞ ከወራት በኋላ ነው። ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። ለኮንሰርቱ ሊያደርሰኝ ይችላል፣ መድረክ ላይም ሊወልቅ ይችላል። ዋስትና አልሰጥም አለች።

ይታሰር አልኩ። ሳላስብ። ታሰረ። ቤት ገብቼ በመስታወት አየሁት፤ የሽቦ አጥር ነው የሚመስለው።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

ጾም ነው፣ ሠርግ የለም፣ ጊዜ በሽ ነው። ጊዜው ሲገኝ አፍ ጠፋ።

ሽቦው ይይዛል። የማይይዘው የእኔ ልብ ነው። ሳላውቀው ጥርሱን ከመጫን እሸሻለሁ፣ ድምፁ ይቀጥናል። ወ/ሮ አልማዝን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፣ ጨርቅ ነጋዴ፤ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከገባን ጀምሮ ልምምዴን ስትራገም አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ጉንፋን ይዞሽ ነው ወይ አለችኝ። በግድግዳ በኩል ይህን ያህል ይታወቃል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡00

ከባንዱ ጋር ልምምድ። ፒያኖ ላይ ዮናስ፤ አሥራ አምስት ዓመት አብረን ስለሠራን ከእሱ መደበቅ አይቻልም። ሦስተኛው ዜማ ላይ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ስደርስ ፉጨት ወጣ። ደገምነው። ፉጨት። ዮ. ሌሎቹን ሻይ ጠጥታችሁ ኑ ብሎ አስወጣና አፍሽን ክፈቺ አለኝ። ከፈትኩ። ሽቦውን አየ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በጨዋነት፣ ሌላ ሰው ይንፋልሽ አለኝ። አንቺ ባንዱን ምሪ፣ ዜማው እንደሆነ ያንቺ ነው። ፖስተሩ ላይ «ከእንግዳ ተጫዋች ጋር» እንላለን።

ሳቄ መጣ። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ምትክ ሆኜ ኖሬ፣ ለራሴ ኮንሰርት ምትክ ሊመጣልኝ! ክፋቱ ደግሞ ዮ. ትክክል ነው። ያቃጠለኝም ይኸው ነው። እስከ መጋቢት 20 ጊዜ ስጠኝ አልኩት። ሰጠኝ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡00

ጠዋት አልቶውን ተሸክሜ በእግሬ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ፣ ጋሽ ታፈሰ ቤት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ማርሽ ባንድ ስገባ እሳቸው ክላርኔት ይነፉ ነበር። ያኔም የላይኛው ጥርሳቸው ረግፏል። ሁለቱንም ከንፈር ወደ ውስጥ አጥፈው፣ አፋቸውን እንደ ከረጢት ሰብስበው ይነፋሉ፤ ድምፃቸው ላይ ግን ማንም ጥርስ ያለው ሰው አይደርስበትም ነበር።

አሁን መጻፍ የማልወደው ነገር መጣ። ሰልፍ ሲበተን የእሳቸውን አፍ እያስመሰልኩ ጓደኞቼን አስቅ ነበር። በጣም እችልበት ነበር።

ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ሽቦዬን አሳየኋቸውና ያለ ጥርስ መንፋት ያስተምሩኝ አልኳቸው። ሳቁ።

«አፌን እያስመሰልሽ ስታስቂባቸው አይቼሻለሁ እኮ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ጋሼ አልኩ።

«ተይው ልጄ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አሳምረሽ የያዝሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። በይ እንደዚያው አድርጊው። አሁን ግን ንፊበት!»

አደረግኩት። የላይኛውን ከንፈር ከጥርሱ ሥር አጠፍኩ፤ ጥርሴ ሳክሱን አልነካም። ነፋሁ። ሻካራ ነው፣ ያንኮራፋል፣ ግን ድምፅ ነው። እንባዬ መጣ። እያለቀሱ አይነፋም ብለው ተቆጡኝ።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

ከንፈሬ ከውስጥ ቆስሏል። የሽቦው ጫፍ ይቆርጠኛል። የጋሽ ታ. ትእዛዝ አሥር ደቂቃ ንፊ፣ አሥር ደቂቃ ዕረፊ ነው። ሃያ እነፋለሁ፣ ዋጋዬን አገኛለሁ፣ በጨው ውኃ እጉመጠመጣለሁ።

ላይኛው ሶል የለም። ፋ በልመና ይመጣል። ታችኛው ግን ሰፊ ነው፣ ክፍሉን ይሞላዋል። ማንን ይመስላል ብዬ ፈለግኩ፤ ልማዴ ነው። ማንንም አይመስልም። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ።

ሦስተኛውን ዜማ በሙሉ ወደ ታች አወረድኩት። እርሳስ፣ ላጲስ፣ እንደገና እርሳስ። ምሳ ረሳሁ።

መጋቢት 18፣ ዓርብ፣ ጠዋት 4፡30

በር ተንኳኳ፤ ወ/ሮ አልማዝ። ልትጣላኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ሰሞኑን አንቺ ጋ የሚነፋው እንግዳ ማነው አለችኝ። እኔ ነኝ ብላት አላመነችም።

«እሱ ይሻላል። ጆሮ አይበሳም።»

ይህን ብላ ሄደች። በአሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ምስጋና፣ እሱም ለሌላ ሰው!

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡30

ልምምድ። ሁለቱ ዜማዎች በአዲሱ አፍ አለፉ። ዮ. ቀና ብሎ አየኝ። ሦስተኛው ላይ ደነገጥኩ። ለምን እንጃ። ከንፈሬን ለቅቄ ሳክሱን እንደ ድሮው በጥርሴ ነከስኩት። ፉጨት። ሽቦውም ላላ።

በመመለሻዬ ጋሽ ታ. ዘንድ ጎራ አልኩ። ስነግራቸው አልገረማቸውም። እኔ የቻልኩት ጥርስ ስላልነበረኝ ነው አሉኝ፤ አንቺ ግን በጨነቀሽ ቁጥር የምትሸሺበት ጥርስ አለሽ። ሌላ ምክር አልሰጡኝም። አንድ ሰዓት ሙሉ ክላርኔታቸውን ሲነፉ ሰማሁ።

መጋቢት 20፣ እሁድ፣ ከቀኑ 10፡00

ለዶ/ሯ ደወልኩ፤ ነገ ጠዋት 3፡00 ነይ አለችኝ። ከዚያ ለዮ.። ነገ አስነቅለዋለሁ፣ አሥር ቀን አልነፋም፣ ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ዘጠኝ ቀን አለን አልኩት። ዘጠኝ ቀን አይበቃም አለ። ይበቃል አልኩ። ካልበቃስ? ካልበቃ ሰው ፊት ቆሜ የደረስኩበትን ያህል እነፋለሁ። እንግዳ ተጫዋች የለም፣ ፖስተሩ ላይ የእኔን ስም ብቻ ጻፍ።

በትልቁ ልጻፈው ወይ አለኝ። በትልቁ!

ፈርቻለሁ፣ ደብተሬ። ፈርቼም ቢሆን ሐሳቤን አልቀይርም። አሥሩን ቀን ያለ ትንፋሽ ጣቶቼን ብቻ አለማምዳለሁ። ወ/ሮ አልማዝ እንግዳው ሄደ ብላ ታዝን ይሆናል። ይመለሳል።

ልጆች ሳለን የወለቀ ጥርስ ጣሪያ ላይ እንወረውር ነበር፣ አዲሱ ቶሎ እንዲበቅል። ዶ/ሯን ጥርሴን ስጪኝ እላታለሁ። የእኛ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ለእኔ ክንድ ሩቅ ነው። ስለዚህ ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ጌጃ ሰፈር እሄዳለሁ። የጋሽ ታፈሰ ቆርቆሮ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲያርፍ እሳቸውም ከውስጥ ይሰሙታል።