የአውድማው አጎበር

ቁሐር ሚካኤል፣ በታኅሣሥ ወር

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም የሰው እያከምሽ የራስሽን ትረሻለሽ? አንበሳሜስ እንዴት ይዛሻለች? እኛ ቅዱስ ሚካኤል ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እኔማ ደህና ከመሆንም አልፌ ደስታው አላስቀምጠኝ ብሏል። በስልክ ልንገራት እልና መልሼ እተወዋለሁ፤ ታውቂኝ የለ፣ ስልክ ስይዝ እጮሃለሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ይቀስራል። ከምነግርሽ ውስጥ ጎረቤት እንዲሰማው የማልፈልገው ስላለ አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማርኩባትን እጅ ጽሑፍ አወጣኋት። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ።

ገላነሽ አንበሳሜ ገበያ እንስራዋን ሸጣ ስትመለስ ቃልሽን አድርሳልኛለች። «ወደ ቁሐር ለመመለስ አስባለች፤ ቦታ አለ ወይ፣ እንደ ድሮውስ እናንተው ቤት ልረፍ ወይ ብላሻለች» አለችኝ። እመልስልሻለሁ። ግን መጀመሪያ ደስታዬን ስሚኝ፣ ካላወራሁት እፈነዳለሁ።

እህቴዋ፣ ሜዳውን ብታዪው! ውኃው ሸሽቶ፣ ሩዙ ታጭዶ በየአውድማው ተከምሯል። ክምር ሲጠበቅ ወንዱ ሁሉ ሜዳ እንደሚያድር አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ድሮ እኛ የምናየው ቤት ውስጥ ያለውን አልጋ ነበር። እኔ ራሴ የሴቶች ቡድን መሪ ተብዬ በየቤቱ እየገባሁ አጎበሩ ከተሰቀለ «ጎበዞች!» ብዬ እወጣለሁ። አልጋው ባዶ እንደሆነ፣ ሰውየው ሜዳ ላይ ለትንኝ ተሰጥቶ እንደሚያድር ነግረሽ ያነቃሽን አንቺ ነሽ። ዘንድሮ ይኸው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየክምሩ ጥግ አራት እንጨት ይተከልና አጎበር ይወጠራል። ከሩቅ ሲያዩት ሜዳው ሙሉ ሙሽራ ያረፈበት ይመስላል። ያየሁ ቀን እልል ብዬ በሬ አስደነበርኩ!

ምነው አንቺ ኖረሽ ባየሽው! ይኸ ነው የሚቆጨኝ። ወንድሜ አገኘሁ፣ አንቺን ብሎ፣ መጀመሪያ አጎበር ይዞ ሜዳ የወጣ ጊዜ የሆነውን መቼም አትረሽው። ያ ምላሱ የማያርፍ ቢተው ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና «እንኳን ማርያም ማረችህ! ወንድ ነው ሴት?» አለው። አራስ በመጋረጃ ውስጥ እንደምትተኛ አደረጉት። እነዚያ ጢማም ሁሉ እልል አሉ፤ ገንፎ በገበቴ አስገንፍተው «ብላ እንጂ፣ ወገብህ ይጥና!» እያሉ ፊቱ አስቀመጡለት። በማግስቱ አጎበሩን ጠቅልሎ ጤና ኬላ መጣ። ልጅ ሊያስከትቡ የመጡ እናቶች ፊት ወረወረልሽና «እኔን የአገር መሳቂያ አድርገሽ አንቺ ደመወዝሽን ትበያለሽ» አለሽ። አንቺ አጎበሩን አንሥተሽ አራገፍሽው፣ አጣጠፍሽው። ብትሰድቢው ይሻል ነበር እላለሁ እስከ ዛሬ። ወደ ወላጆችሽ የሚሄዱ ሽማግሌዎች እንኳ ተመርጠው ነበር እኮ! ጋቢ ሁሉ ታጥቦላቸው ነበር። ዝውውርሽን ስንሰማ አንቺ አንበሳሜ ደርሰሻል።

አምና በዚህ ወቅት አገኘሁ ወደቀ። ወባው ራሱ ላይ ወጥቶ ይቃዥ ጀመር፤ እኔን እንኳ አላወቀኝም። በአንቺ ቦታ የመጣችው ሊድያ ጣቱን ወግታ እንዳየችው «አሁኑኑ ወረታ!» አለች። አምና ውኃው ዘግይቶ ስለሸሸ መንገዱ ገና ጭቃ ነበር፣ ባጃጅ አይገባም፤ በቃሬዛ አስፋልት ድረስ ወሰድነው። ልጅቷ የደሴ ልጅ ናት፣ ጭቃ የት ታውቃለች? ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ እየሰመጠች፣ ከቃሬዛው ጎን አልተለየችም።

ሲነቃ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ልክ ነበረች» የሚል ነው። ሊድያ «ማን?» አለችው። «ከአንቺ በፊት የነበረችው» አላት። እኔ ቆይቼ ለብቻው ሳገኘው «ታዲያ ለምን አትልክባትም?» አልኩት። «በምን ፊቴ፣ እታለም?» አለኝ። ደጋግሜ ነገርኩት። አንገቱን ይደፋል፣ ዝም ይላል። አንቺም ዝም አልሽ። ሁለት ዝምተኞች መካከል የተገኘሁ ለፍላፊ እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ሊድያና እሱ ተማክረው ቄስ ሕዝቅኤል ዘንድ ሄዱ። የቤተ ክርስቲያኑን ሩዝ ክምር የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። «አባ፣ እርስዎ ከተኙበት ማን ይስቃል?» አሏቸው። እሳቸውም እሺ ብለው አጎበሩን አስወጠሩ፤ ገና በቀን ዳዊታቸውን ይዘው ገቡበት። ወሬው ተነዛና እነ ቢተው መጡ። ቆሙ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፤ ቄስን እንኳን ማርያም ማረችህ አይባል ነገር! ይኸኔ አባ ከውስጥ ሆነው «ቢተው፣ አራስ የሚጠየቀው ባዶ እጅ ነው እንዴ? ጾም ነውና ቅቤው ይቅር፣ ገንፎዬን በተልባ አድርገህ አምጣልኝ» አይሉት መሰለሽ! አገር በሳቅ ፈረሰ። ቢተውም ሳቀ። በማግስቱ ደጄ ላይ ቆሞ «እታለም፣ ትርፍ አጎበር አይጠፋሽም?» ቢለኝ «ወንድ ነው ሴት?» አልኩት። እንዴት አልለው!

ከዚያ ወዲህ ወባው ረገብ አለ፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሊድያ ጣት ስትወጋ ሰንብታ አንድም ሳታገኝ የሄደችበት ሳምንት አለ። ወረታ ስብሰባ ላይ ሲያመሰግኗት ተነሥታ «ሐሳቡ ከእኔ በፊት ከነበረችው እህቴ የመጣ ነው፤ እኔ ደረስኩበት እንጂ አላመጣሁትም» አለች፤ ስምሽን ጠርታ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንቺ ስል ልጠላት ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ።

ቦታ አለ። ጤና ኬላው ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል፤ ሊድያም «እሷን ባገኘን» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምን እንደጠየቅሽኝ ግን አታውቅም።

ቤቱን በሚመለከት፣ ገላነሽ ቃልሽን ስትነግረኝ አገኘሁ ደጅ ሆኖ የአጎበር እንጨት ይጠርብ ነበር። መጥረቢያው ዝም አለ። እሷ ከሄደች በኋላ ገባና «መቼ ነው የላከችው?» አለኝ።

«አሁን» አልኩት።

«አሁን» አለ እሱም። ውኃ ለመነኝና ሰጠሁት፤ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ «እታለም፣ ነይም አትበያት፤ አትምጪም አትበያት» ብሎኝ ወደ ሜዳው ሄደ።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ መልስ መጻፍ አልችልበትም፣ እህቴ። ይኸን ሁሉ የለፈለፍኩት ደስታዬ እውነት ስለሆነ ነው፣ ግን እዚህ ላይ ላለመድረስም ነው። ጌሾ ወቅጬ ጨርሻለሁ። ብቅሉም ደርሷል። አንቺ ታድሪበት የነበረውን ክፍል አገኘሁ አዲስ ጭቃ ለስኖታል፤ መስኮትም አውጥቶለታል። የሊድያ እናትና አባት ለጥር ከደሴ ይመጣሉ።

ምነው አምና በላክሽብኝ! ወይ እሱ በላከ! ወይ እኔ ሳልጠየቅ ተነሥቼ አንበሳሜ በሄድኩ! ሁላችንም ሌላው ይጀምር ብለን ጠበቅን።

መምጣቱን ከፈለግሽ ጥር ይለፍና ነይ፤ ማረፊያ እኔ ራሴ እፈልግልሻለሁ። ግን ስትመጪ ለሜዳው ብለሽ ነይ። ሜዳው ይጠብቅሻል፤ እኔም እጠብቅሻለሁ። ሌላ የሚጠብቅሽ እንዳለ አድርጌ ብጽፍልሽ ግን እግዜርም አይወድልኝ።

ያከምሽው ይዳንልሽ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። ሳልሽን ታከሚው። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፣ ልብሽን ያሳርፍልሽ።

የባልሽ እህት ልባል ስጓጓ
እህትሽ ብቻ ሆኜ የቀረሁት፣
የቁሐሯ እህትሽ