ጋቢ በገዛ እጄ ያለበስኩት ሰው

ክብሮሜ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸኝ አራት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶታል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የእብድ ሥራ ስለሚመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን በአንተ የተነሳ ሰው አዋረድኩ፤ ያውም በሰው ፊት፣ ያውም ጓደኛህን። ወደ እናንተ የሚመጣው ሰው ብዙ ነውና፣ ወሬው በሌላ አፍ ተበላሽቶ ከሚደርስህ ከእኔው ብትሰማው ይሻላል ብዬ ብዕር አነሳሁ።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላድርስህ፤ ከዚያ ወደ ቂሜ እመጣለሁ። ልጃችን ሰላም ትምህርቷን ጨርሳ ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያው ሥራ ይዛለች፤ የመንገደኛ ሻንጣ ትመዝናለች። ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ አረማመዷ ቁርጥ አንተን ነው፤ ቢረፍድባትም አትቸኩልም። እናትህ ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ እምቢ ብሏል። እኔ አሁንም እዚያው መዝገብ ቤት የሰው ደብዳቤ እተይባለሁ። መንገዱ እንደተከፈተ ደሴ ሄጄ እናቴን አየኋት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ሕፃን ስታጎርሰኝ ከረመች። የሚያፈሰውን የኩሽና ጣሪያም አሠራሁት። አንተ ስድስት ዓመት ነገ ነገ ስትለኝ የከረምክበትን ሥራ ሁለት ሰዎች ከምሳ በፊት ጨርሰውት ሄዱ።

አሁን ወደ ክበቡ ልምጣ። አንተና አቦይ ሐዱሽ ሓወልቲ ሰፈር ካለው ካፌ ጀርባ የጀመራችሁት የቅዳሜው የጸሐፊዎች ክበብ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሰብስቧል። አቦይ ሐዱሽ ሰብሳቢ ናቸው፤ ርእሰ መምህር ሆነው ሲቆጧችሁ እንደነበረው አሁንም አርፍዶ የሚመጣውን ይቆጣሉ። ዘንድሮ የአባሎቻቸውን ስኬት ለማክበር ትንሽ ድግስ አሰቡ። እውነት ለመናገር የሚከበር ነገር ነበራቸው። ነርሷ ለምለም በትግርኛ የልጆች መጽሐፍ አሳትማለች፤ ሰላም ከሥራ ስትመለስ ገዝታ መጥታ እኔና እናትህ እየተቀባበልን አነበብነው። ያ መብራት ኃይል የሚሠራው ግርማይ የጻፈው ተውኔት ለሕዝብ ታይቶ ሰው ቆሞ ነው ያየው። ከሁሉም የበለጠው ግን የተስፋይ ነበር። የልብ ጓደኛህ ተስፋይ ያቀረበው አጭር ልቦለድ በአንድ ትልቅ ውድድር አንደኛ ወጣ።

ደንባችሁ ለተሸላሚ ጋቢ ማልበስ ነው። አቦይ ሐዱሽ ቤት ድረስ መጥተው እንደ ልጃቸው፣ «ጓለይ፣ ክብሮም ቢኖር እርሱ ነበር የሚያለብሰው፤ ስለዚህ የምታለብሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ጥቁሬን ካወለቅኩ ወዲህ ከሳጥን ያላወጣሁትን ነጭ ቀሚስ ለበስኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተስፋይን ጋቢውን አከናንቤ፣ ሦስት ጊዜ ጉንጩን ስሜ፣ አንተን ያየሁ ያህል አልቅሼ ተመለስኩና የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እርሱም ጉሮሮውን ጠርጎ የተሸለመበትን ታሪክ ማንበብ ጀመረ።

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ነዳጅ ከከተማው በጠፋበት ጊዜ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር፤ የማይንቀሳቀስ ባጃጁን ጠዋት ጠዋት ያጥባል። ሰፈርተኛው አንድ ሁለት እያለ ይገባና ይቀመጣል፤ የሚሄድበትንም ይናገራል። ሹፌሩ መሪውን ይዞ መንገዱን በአፉ ይነዳላቸዋል፤ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ እዚህ ጋ ትራፊክ ቆሟል፣ ያዝ አድርጉ እያለ። አንዲት ሴት ደግሞ በየቀኑ ትመጣና እናቴ ዘንድ ውሰደኝ ትለዋለች።

ይህችን ሴት ታውቃታለህ። የጎረቤታችን ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ደሴ ውሰደኝ ስለው አንተ በሩ ላይ ቆመህ፣ በባጃጅ ደሴ፣ ከመንገዱ ወገብሽ ቀድሞ ያልቃል እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ስትስቅ ቆይተህ ድንገት ዝም አልክ፤ ገብተህም መጻፍ ጀመርክ። ወረቀት ስላልነበረ በተማሪዎችህ የፈተና ወረቀት ጀርባ ነው የጻፍከው። መድኃኒትህ በጠፋባቸው በእነዚያ ወራት፣ እግርህ አብጦ፣ ዓይንህ እየደከመ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ እያስጠጋህ ስትጽፍ አጠገብህ ነበርኩ። ክበቡ ተበትኖ ስለነበር ከእኔ በቀር ያነበበልህ ሰው አልነበረም። ተስፋይ የነካው ነገር ቢኖር ደሴን አዲስ አበባ ማድረጉ ነው። እኔን ደግሞ አክስቱ አድርጎኛል። መግቢያው ላይ ለአክስቱ መታሰቢያ ይሁን ብሎ ሲያነብ አዳራሹ በሐዘን ከንፈሩን መጠጠ።

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ዋሸሁህ ማለት ነው። በአርባህ ቀን ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው እርሱ ነበር። የመታሰቢያ መጽሔት እናዘጋጅለታለን ብሎ ጽሑፎችህን ሲጠይቀኝ ሳላመነታ በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁት። አንድ እንኳን ለራሴ አላስቀረሁም። ከዓመት በኋላ ስጠይቀው፣ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ቤት ስቀይር ጠፉብኝ» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔ ሞኟ ተው አይዞህ ብዬ አጽናናሁት።

ታዲያ ያን ቀን ለምን አልጮህሽም ትለኝ ይሆናል። ምን ይዤ ልጩህ? ማስረጃው በእርሱ እጅ ነው። ብጮህ ሐዘኑ አልወጣላትም ብለው አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጥተው ወደ ቤት ይሸኙኝ ነበር። ስለዚህ አጨበጨብኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ለምለም እስክትዞር ድረስ አጨበጨብኩ። ያን ቀን የያዝኩት ቂም እስከ ዛሬም አለ።

ሦስት ቀን እህል አልቀምስ ብዬ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን የክበባችሁ ደንብ ትዝ አለኝ፤ አንተ ራስህ ያወጣኸው ደንብ። ጽሑፍ ያለው ሰው፣ አባል ሆነም አልሆነ፣ ስሙን ሳይጽፍ ካርቶኑ ውስጥ ይጥላል። አንባቢው እጁ የገባውን ያነባል፤ የጀመረውንም ሳይጨርስ አያቆምም። ጸሐፊው አስተያየት ተሰጥቶ እስኪያልቅ ትንፍሽ አይልም። በመጨረሻ የማን ነው ሲባል እጁን ያወጣል። እንዲህ ያደረግኸው ሰው ጓደኛውን ፈርቶ እንዳያሞግስ፣ ጠላቱንም ጠልቶ እንዳይነቅፍ ብለህ ነበር። የዓመቱ አንባቢ ደግሞ የዓመቱ ተሸላሚ ነው። ይህን ሳስታውስ በእነዚያ ቀናት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አልኩ። እናትህ አዩኝና እህል አቀረቡልኝ፤ በላሁም።

ዕድሜዬን በሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ስተይብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ታሪክ ጽፌ አላውቅም። ሁለት ሳምንት የምሳ ሰዓቴን ሠዋሁ። አለቃዬ የቢሮ ሥራ መስሎት በትጋቴ አመሰገነኝ። ስም አልጠራሁም፤ አልተሳደብኩም። አንተ ትለኝ እንደነበረው የሆነውን ብቻ በተራው ጻፍኩ። በአርባ ቀን ስለሚያለቅስ ጓደኛ፣ በፌስታል ስለተጠቀለለ የፈተና ወረቀት፣ በወረቀቱ ፊት በቀይ እስክሪብቶ ስለተሰጠ ከሃያ አራት፣ በጀርባው ስለተጻፈው ታሪክ፣ ስለ ሽልማቱም። ጨርሼ ካርቶኑ ውስጥ ጣልኩና ቅዳሜ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ።

ሁለት ቅዳሜ ጠብቄ በሦስተኛው ጽሑፌ እጁ ገባ። ተስፋይ ድምፁ ያምራል፤ ይህን አልክደውም። የመጀመሪያውን ገጽ ስለ ሐዘንተኛይቱ ሰሚውን እያሳዘነ አነበበው። የፌስታሉ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ውኃ ጠየቀ። ጠጣ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ዓይኔ ደክሟል፣ ሌላ ሰው ቢቀጥልልኝ አለ። አቦይ ሐዱሽ ደንብ ደንብ ነው አሉ። «ቀጽል ወደይ፣ ቀጥል ልጄ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አሉት። ትንሽ አልነበረም የቀረው፤ አምስት ገጽ ነበር። አምስቱንም ገጽ በዚያ በሚያምር ድምፁ ስለ ራሱ አነበበ፤ እኔም ከኋላ ሆኜ አንድ ቃል እንዳይዘል በልቤ አብሬው አነበብኩ።

ከዚያ አስተያየት ተጀመረ። ክብሮሜ፣ እዚያች ሰዓት ላይ ብትኖርልኝ ምን ነበረበት። ሌባው ማን እንደሆነ ማንም አላወቀም ነበር። ግርማይ ተነሥቶ አጻጻፉ ጥሩ ነው፣ ሌባው ግን አላሳመነኝም፣ ሰው በሞተ ጓደኛው ላይ እንዲህ አያደርግም አለ። ለምለም ደግሞ ያደርጋል፣ ግን ሌሊት እንዴት እንደሚተኛ ደራሲው አልነገረንም አለች። እንዲህ እየተቀባበሉ ሌባውን ሲበልቱት ተስፋይ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያይ ነበር። አቦይ ሐዱሽ አንባቢውስ ምን ይላል ብለው ጠየቁት። ወረቀቱን ወደ ካርቶኑ መለሰ። ከዚያ የማን ነው አሉ። እጄን አወጣሁ።

ያን ጊዜ ሁሉም እኔን አዩ፤ ቀጥሎ ትከሻው ላይ ያለውን ጋቢ አዩ። ተስፋይ ተነሥቶ ጋቢውን አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ደስ አለኝ። ለአንተ ምን እደብቃለሁ፣ ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሳምንቱ የጠፋው ፌስታል ቤቴ መጣ፤ አሥራ አንዱም ታሪክ አለ። አቦይ ሐዱሽና የንስሐ አባቴ ናቸው ይዘው የመጡት። ተስፋይ ሁሉን ተናዟል። ውድድሩ በሕይወት ያለ ደራሲ ብቻ ይቀበል ነበርና ታሪኩ አብሮት እንዳይቀበር ብዬ በስሜ ላክሁት፣ ሲያሸንፍ እናገራለሁ ብዬ ነበር፣ ሰው ሲያጨበጭብልኝ ግን አፌ ተያዘ ብሏል። ላዘጋጆቹም እውነቱን ጽፏል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። የንስሐ አባቴ ቂም ይዞ ጸሎት አሉኝ። ሳል ይዞ ስርቆት ብዬ ጨረስኩላቸው፤ የእኔን ድርሻ ከነገሩኝ የእርሱንም ሄደው ይንገሩት። አውቃለሁ፣ አንተ ብትሆን ገና በሩ ላይ ሳለ ይቅር ትለው ነበር። አንተ ግን አልተሰረቅህም፤ ሙት ምን ይሰረቃል? የተሰረቅሁት እኔ ነኝ። አንተ ትተህልኝ የሄድከው እነዚያን ታሪኮች ብቻ ነበር።

ሽማግሌ መልሼ እንዳልሰድ ቅጣቱን ቆረጥኩ። በየቅዳሜው አንድ ታሪክህን ያነባል። የማን ነው ሲባል እርሱ ተነሥቶ በአንተ ፈንታ እጁን ያወጣል፤ ስምህንም ይጠራል። አቦይ ሐዱሽ ይህ ከእስር ይከብዳል አሉኝ። እኔም ለዚህ ነው የመረጥኩት አልኳቸው።

እስካሁን ዘጠኙን አንብቧል። ስምህን ሲጠራ ድምፁ ዝቅ ካለ ከኋላ ሆኜ ጎላ አድርገው እለዋለሁ፤ ደግሞ ይጠራዋል። አዳዲስ ልጆች እየመጡ ነው፤ አንተን በዓይናቸው ያላዩ ልጆች ስምህን ከእርሱ አፍ ለምደውት የማን ነው ከመባሉ በፊት በለሆሳስ ይሉታል። እኔ አንተን ለማስታወስ የማንም እርዳታ አያሻኝም። ከተማው እንዳይረሳህ ግን የተስፋይን ድምፅ ወስጃለሁ፤ በሕይወት እስካለሁም አልመልስለትም።

በቀደም በለምለም በኩል ልኮብኝ ነበር። ሁለት ታሪክ ብቻ ቀረ፣ ሲያልቅ ይቅር ትለኛለች ወይ ብሎ። ሲያልቅ እንደገና ከባጃጁ ይጀምራል በዪው አልኳት።

ያንተዋ ስንዱ