ለብቻ የተቀዳው ጣሳ

ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ

ንዴቴ አልበርድ አለኝ። ጠዋት ዘጠነኛ ክፍልን ስፕሬድ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳስተምር ነበር። ገብስ ፀሐይ ላይ ሲሰጣም፣ ወሬ ሲዛመትም፣ በሽታ ሲተላለፍም በዚሁ ቃል ይነገራል አልኳቸው። ኤድስ አብሮ በመብላትና በመጠጣት አይተላለፍም የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሦስቴ አስደገምኳቸው። ጥሩ አድርገው ያዙት።

ከሰዓት የሚካኤል ማኅበራችን ነበር። ጠላው በአንድ ጽዋ እየዞረ እትዬ ወርቄ ጋ ሲደርስ፣ ጽዋውን የሚያዞሩት የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ደምሴ፣ አለፏቸው።

«ለእርስዎ ለብቻ ተቀድቷል» ብለው ያረጀ የቲማቲም ጣሳ አቀበሏቸው።

የእትዬ ወርቄ ባለቤት ከስተው ከስተው ከሞቱ ወዲህ አገሩ እሳቸውንም ኤድስ ይዟቸዋል እያለ ያወራል። እትዬ ወርቄ ግን በዚያ ጽዋ ሃያ ዓመት ጠጥተዋል። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ቤት ሙሉ ሰው ትንፍሽ አላለም። አስተማሪውም ጭምር።

ስወጣ ጋሽ ደምሴን በሆዴ ስረግም መጣሁ። መሃይም፣ ጨካኝ አልኳቸው። አሁን ብቻዬን ስቀመጥ ግን ስድቡ አልበቃኝም። ከእትዬ ወርቄ ቀጥሎ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ጽዋው እሳቸውን አልፎ እኔ ጋ ሲመጣ፣ እፎይ ብያለሁ።